ሦስት ስግደት በምላስ ድንጋይ

ሰው ከሞተ ይለቀስለታል፤ ሩቅ አገር ከሄደ ይጠበቃል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ያልታወቀ ልጅ ያላት እናት ግን እንዴት ትሁን? ነጠላዋን አታዘቀዝቅ፣ ሞቷል ያላት የለ። እልል አትል፣ መጥቷል ያላት የለ። ጥሩሐረግ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ሆና ኖረች።

የበኩር ልጇ ደረሰ ለፋሲካ የሚሸጥ ፍየል ሊገዛ ወደ አበርገሌ ወረደ። ኒሯቅ ገበያ ላይ ዘጠኝ ፍየል ሲገዛ ያዩት አሉ። በሆሳዕና ማግስት ሰባቱ ፍየሎች ዝንጀሮ ገደል አፋፍ ላይ ሲግጡ ተገኙ። ሽመሉም እዚያው ወድቋል። ደረሰ ግን የለም።

ግማሹ ሰው "ሁለቱን ፍየል አድናለሁ ብሎ አብሮ ወደቀ" አለ። ግማሹ ደግሞ "የለም፣ በዚያው ወደ ዐረብ አገር ጠፍቷል፤ አፋር በረሃ ላይ ያየው ሰው አለ" አለ። ያየው ሰው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ሌላ ሰው ይጠቀሳል፣ ያም ሌላ ይጠቅሳል። ጎረምሶች በገመድ ወርደው ነበር፤ ከመጀመሪያው እርከን አላለፉም። ገደሉ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ የቆመ ነው፤ ከላይ ቢያጎነብሱ አይታይ፣ ከታች ቢያንጋጥጡ አይታይ።

ጥሩሐረግን እንቅልፍ የነሳት ሞቱ ብቻ አልነበረም። ፍታቱ ነው። ከሞተ ሳይፈታ ቀረ ማለት ነው። የነፍስ አባቷን አባ ወልደ ሐዋርያትን ስንት ጊዜ እግራቸው ላይ ወድቃ ለምናለች።

"ሬሳው ባይገኝ ግድ የለም ልጄ፤ ሬሳ ሳይኖርም ይፈታል" ይሏታል። "መሞቱ ግን ይታወቅ። ላልሞተ ሰው ፍታት አላደርስም። በቁሙ መቅበር ነው።"

"ከሞተስ አባ?"

"ከሞተማ..." ይሉና መስቀላቸውን ያሳልሟታል።

የደረሰ ሚስት ባንቺም አለች። የኒሯቅ ልጅ ናት፤ በተጋቡ በስምንት ወራቸው ነው የጠፋባት። አባቷ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ "ልጄን ልቀቁልኝ፣ ዕድሜዋ ይሄዳል" ብሏል። ሁለቴም "እስኪታወቅ" ያለችው ራሷ ባንቺ ናት።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሲሰማ የኖረው ሁለተኛው ልጇ ምስጋናው ነው። ሰቆጣ ከተማ ሞባይል ይጠግናል፤ የተከፈተ ነገር ሳይዘጋ አይበላም፣ የተዘጋ ነገር ሳይከፍት አይተኛም። እኅታቸው ምሕረት ያለችው ዐረብ አገር ነው። ወደ አገር በሚገባ ሰው ሁሉ ሻንጣ ውስጥ፣ አንድ ጊዜ ሞተር፣ አንድ ጊዜ ካሜራ፣ አንድ ጊዜ በካልሲ የተጠቀለለ ባትሪ እየላከችለት፣ በዓመት ከስንት ወሩ ምስጋናው ድሮን ሠራ። እንደ ትልቅ ሸርጣን አራት እግሩን ዘርግቶ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ፣ ጥሩሐረግ አማተበች።

"ይሄ ነው ወንድምህን የሚፈልገው?"

"ይሄ ነው እማ። ይሄ ይበራል፣ ላፕቶፑ ደግሞ የት እንዳለ በካርታ ያሳየኛል። ከፍታውን፣ ባትሪውን፣ ሁሉን ይነግረኛል። ካሜራው የሚያየውንም እዚሁ ላይ አያለሁ።"

"እና ምን ቸገረህ? ለምን ዛሬ አናስነሳውም?"

ምስጋናው ራሱን አከከ። "የቸገረኝ ምስሉ ነው። ትእዛዝ የሚቀበልበት ሩቅ ድረስ ይሰማል፤ አሥር ኪሎ ሜትር ቢሄድ ይሰማኛል። ምስሉን የሚልክበት ግን ደካማ ነው፤ አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ መንጫጫት ይጀምራል። ድንጋይ ከጋረደውማ አለቀ።"

"ጆሮው ረጅም፣ ዓይኑ አጭር በለኛ።"

"እንዲያ ነው" ብሎ ሳቀ። "ገደሉን ሆዱ ድረስ የሚያሳየው ከማዶ ያለው ምላስ ድንጋይ ነው። ከዚያ እስከ ገደሉ በካርታው ላይ ለካሁት፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እዚያ የሚያደርሰኝ አንቴና አግኝቻለሁ፤ ግን እንደ ባትሪ መብራት ነው፣ ያበራሽው በኩል ብቻ ነው የሚያየው። አንድ ሰው ይዞ እያነጣጠረ መቆም አለበት።"

ሌላም ችግር ነበር፤ እሱን ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች። ከዚያ የጦርነት ክፉ ጊዜ ወዲህ በዚህ አገር ሰማይ ላይ "እዝዝዝ" የሚል ነገር ከተሰማ፣ እናት ልጇን በጀርባዋ አዝላ ዋሻ ትገባለች። ሞተር ብስክሌት እንኳ ከሩቅ ሲመጣ ቀና የሚል ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ምስጋናው የቀበሌው ሊቀመንበር ዋሴ ዘንድ ሄደ፤ ዋሴም ወረዳ ድረስ ተመላልሶ ፈቃድ አመጣ። "አንድ ጠዋት" አለው። "አንድ ጊዜ ብቻ። ሕዝቡን ሁለተኛ አላስደነግጥም፤ እኔም አልደነግጥም።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባ ወልደ ሐዋርያት ለምእመናኑ ተናገሩ። "የጥቅምት ሚካኤል ማግስት ጠዋት የምትሰሙት ድምፅ የጥሩሐረግ ልጅ ነው። ወንድሙን ፍለጋ ነው። አትሽሹ፣ ድንጋይም አትወርውሩበት።"

"እኛ ባንሸሽ ፍየሎቹ ይሸሻሉ አባ!" አለ አንዱ፤ ሰው ሳቀ። በዕለቱ ግን የሳቁት ሳይቀሩ ልጆቻቸውን ይዘው ዋሻ ገቡ አሉ።

ጥሩሐረግ በሚካኤል ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ተሳለች። ሻማ አልተሳለች፣ ጃንጥላ አልተሳለች። "አባቴ ሚካኤል፣ የልጄን ወሬ ያሰማኸኝ ቅጽበት፣ ባለሁበት ቦታ፣ ሳልውል ሳላድር ግንባሬን መሬት አስነክቼ ሦስት ጊዜ እሰግድልሃለሁ" አለች። ገንዘብ የሌለው ሰው የሚሳለው ጉልበቱን ነው።

በማግስቱ ገና ጤዛው ሳይረግፍ ተነሡ። ዕቃውን የጫነችው የጎረቤታቸው የትእዛዙ አህያ ናት፤ ትእዛዙ ጠጉሩ የሸበተ፣ አፉ ግን ያላረጀ ሰው ነው። ባንቺም መጣች። በእጇ የያዘችውን ጥቅልል ማንም አልጠየቃትም። ጥሩሐረግ ግን ጫፉን አየችው፤ ነጭ ነጠላዋን ጥቁር አስነክራዋለች።

ምላስ ድንጋይ ከተራራው ወጣ ብሎ ባዶ ላይ የተዘረጋ ነው። ከማዶ ዝንጀሮ ገደል ይታያል፤ ሆዱ ጥላ ነው፣ በዓይን ምንም አይለይበትም። ምስጋናው ላፕቶፑን ዕቃ በመጣበት ሳጥን ላይ አስቀመጠ። ፀሐይ እንዳይከለክለው አባ ወልደ ሐዋርያት ያዋሱትን የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ባንቺ ዘርግታ ያዘችለት፤ ወርቃማ ዘርፉ በነፋስ ሲወዛወዝ ላፕቶፑ የወጣ ታቦት መሰለ። አንቴናውን፣ ያቺን የአነባበሮ ቁራሽ የምታህል ጠፍጣፋ ነገር፣ በፕላስተር ሽመል ላይ አሠረው። ሽመሉ የደረሰ ነው። ጥሩሐረግ ናት ያመጣችው።

አንቴናውን እንዲይዝ የተመደበው ትእዛዙ ነበር። ሞተሩ ሲጮኽ ግን እጁ እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠ።

"ጋሼ ትእዛዙ፣ ዝም አድርገው ይያዙት እንጂ! ምስሉ እየዘለለ ነው!"

"እኔ ምን ላድርግህ? እጄ ነው እኔ አይደለሁም!" አለና በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ የሆነ ነገር አጉረመረመ። ቀጥሎም ሽመሉን ለጥሩሐረግ አስይዞ ከአህያዋ ጀርባ ሄዶ ተቀመጠ። "እኔ አህያዋን ላጽናና።"

"ትችያለሽ እማ?" አለ ምስጋናው።

"ዘጠኝ ወር የያዝኩትን ልጅ ዛሬ ሃያ ደቂቃ አልይዘውም? በየት ላዙር?"

"ፊትሽን ወደ ገደሉ። ወደ እኔ አትዙሪ፣ ላፕቶፑን አትዪ። ምንም ቢመጣ ከዚያች ጥቁር ስንጥቅ ላይ እንዳታነሺው።"

"እሺ።"

ተነሣ። ድሮኑ በራሷ ላይ አልፎ ሲሄድ ሽመሉን አላነቃነቀችም። ትንሽ ቆይቶ ትንኝ አከለ፣ ከዚያም ጠፋ። ከኋላዋ ላፕቶፑ መናገር ጀመረ፤ የሴት ድምፅ ነው፣ በፈረንጅ አፍ።

"ማን ናት እሷ?"

"ፕሮግራሙ ነው እማ። ከፍታውንና ባትሪውን ትነግረኛለች።"

"አሁን ምን አለች?"

"ሰማኒያ አለች። ሰማኒያ በመቶ ባትሪ አለን።"

"እግዜር ይስጣት።"

እንዲህ እንዲህ እያሉ ሄዱ። ምስጋናው ሁሉንም ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ሳይነግራት ማየት እንደማትችል ያውቃል። "ሸለቆውን አለፍኩ... አንድ ኪሎ ሜትር... እዚህ ነበር የሚሞተው፣ አልሞተም፣ እማ ጎበዝ... አንድ ኪሎ ተኩል... የመጀመሪያው እርከን፣ ምንም የለም... ሁለት ኪሎ፣ ምስሉ እንደ አሮጌ ቴሌቪዥን ትንሽ በረዶ እየጣለበት ነው፣ ግራ፣ ትንሽ ግራ እማ... ይኸው! እንደዚያ ያዢልኝ።"

የጥሩሐረግ ክንድ ደንዝዟል። በከንፈሯ ውዳሴ ማርያም ትደግማለች። ሴትዮዋ "አርባ ስድስት" አለች፤ እሱን ምስጋናው ተረጎመው።

"ከቋጥኙ ጣራ ሥር እየገባሁ ነው" አለ ምስጋናው። ድምፁ ዝቅ አለ። "አጥንት አለ... የፍየል ነው፣ ቀንድ አለው። የፍየል አጥንት ነው።"

ባንቺ "እዋይ" አለች፤ ጃንጥላው ተርገደገደ።

"የሁለተኛው ፍየል ቀንድም አለ። ሁለቱም እዚህ ናቸው። ትንሽ ወደ ውስጥ... ቆይ። ቆይ ቆይ። ቀይ ነገር አለ። እማ! ቀይ! ሹራቡ!"

ያን ቀይ ሹራብ ምሕረት ናት የላከችለት። ደረሰ ክረምት ከበጋ አያወልቀውም ነበር፤ ወደ አበርገሌ ቆላ ሲወርድ እንኳ ወገቡ ላይ አሥሮት ነው የሄደው።

የጥሩሐረግ ጉልበት ከአሳቧ ቀደመ። ወሬውን ያሰማኸኝ ቅጽበት ብላለች፤ ባለሁበት ብላለች። ተንበረከከች፣ ግንባሯን ከድንጋዩ አገናኘች። ሽመሉም አብሯት ወረደ፤ አንቴናው ገደሉን ትቶ ሣሩን አየ።

"እማ! አንቴናውን!"

ተነሣችና ሁለተኛውን ሰገደች።

"እማ! ጠቆረብኝ! አላየሁም! አንሺው! አንሺው!"

ሰምታዋለች። አልሰማሁም አትልም፤ ለእግዜር እንዴት ይዋሻል? ሁለት ሰግዳለች፣ አንድ ቀርቷል። ስለት ግማሽ የለውም። ሚካኤል የልጇን ወሬ አምጥቶላት ሳለ "ቆይ፣ ሥራ ይዣለሁ" ልትለው ነው? ሦስተኛውን ሰገደች። ከዚያ ዘላ ተነሥታ ሽመሉን በሁለት እጇ ወደ ጥቁሯ ስንጥቅ ቀሰረች።

ያቺ መሐል የአንድ አቡነ ዘበሰማያት ግማሽ አትሞላም። ምስጋናው ግን ዓይኑ ታውሮበት፣ ነፋሱ ወደ ዐለቱ ገፍቶ እንዳያላትምበት ፈርቶ፣ ሁልጊዜ የሚያደርገውን አደረገ፤ "ተመለስ" የሚለውን ነካ። ተመለስ ሲባል ያ ነገር መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ነው የሚዞረው። ከላዩ ግን የቋጥኝ ጣራ ነበረበት።

ከማዶ እንደ ደረቅ እንጨት "ቋ" የሚል ትንሽ ድምፅ መጣ። አህያዋ ጆሮዋን አቆመች።

ላፕቶፑ ውስጥ ያለችው ሴት አንድ ነገር ተናገረች። ትንሽ ቆይታ ደገመችው። ሦስተኛም አለችው።

"ምን አለች?" አለች ጥሩሐረግ፣ አንቴናውን እንደ ቀሰረች።

ምስጋናው ከላፕቶፑ ቀና አለ። "ግንኙነት ተቋረጠ ነው የምትለው።"

"ምስሉስ? ያየኸውን ለእኔም አሳየኝ።"

"የሚቀዳው እዚያው በሆዱ ባለች ካርድ ላይ ነው እማ። ላፕቶፑ አሮጌ ነው፤ ካርታውንም ምስሉንም እያሳየ ቅዳ ብለው ይተኛብኛል። ሁሉም እዚያ ቀረ።"

ማንም ጥሩሐረግን ክፉ አልተናገራት። ትእዛዙ አህያዋን መጫን ጀመረ። ምስጋናው ሽመሉን ከእጇ ሲወስድ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነው ያላቀቃቸው።

ሲመለሱ ባንቺ ወደ ፊት ቀደመች። ያን ጊዜ ጥሩሐረግ ልጇን ክንዱን ይዛ ጠየቀችው። "እርግጥ ሹራቡ ነው?"

"ቀይ ነው እማ።"

"ሰው ነበረበት?"

"እኔ እንጃ። ሦስት ሰከንድ ነው ያየሁት፤ ያውም በረዶ እየጣለበት። ሹራብ መስሎኝ ነው የጮኽኩት።" መሬት መሬት እያየ ጥቂት ሄደ። "የማዳበሪያ ከረጢትም ቀይ አለው። የፍየሎቹ ደም የነካው አፈርም ይሆናል። እኔ እንጃ።"

ወሬው ግን ከእነሱ ቀድሞ ደርሷል። አባ ወልደ ሐዋርያት ከደጀ ሰላሙ ዛፍ ሥር ቆመው ይጠብቃሉ፤ ሰውም ከቦ ቆሟል፣ ከዋሻው የወጡት ሳይቀሩ። ባንቺ ጥቅልሏን ፈታ ጥቁሩን ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋዋለች፤ ገና አላዘቀዘቀችውም።

"ሹራቡን አየ አሉኝ" አሉ አባ። "ምስጋናው፣ ና ልጄ። እኔ በገደል ወርጄ ላይ አልችልም፣ ያንተን ዓይን ነው የማምነው። የወንድሜን ሹራብ አይቻለሁ፣ ሰውም ነበረበት ብለህ በዚህ መስቀል ማልልኝ። ቅዳሜ ፍታቱን አደርሳለሁ።"

ምስጋናው እናቱን አያት። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያልበላችውን እህል፣ ያልተኛችውን እንቅልፍ አየ መሰለኝ። ቀጥሎ ባንቺን አየ። ከዚያም ቀኝ ጆሮውን ሳብ ሳብ አደረገ።

ጥሩሐረግ ያቺን ጆሮ ታውቃታለች። የአምስት ዓመት ልጅ ሆኖ ወተቱን ራሱ ጠጥቶ ድመት ጠጣችው ሲላትም እንዲሁ ይስባት ነበር። ልጇ ለእሷ ሲል በመስቀሉ ሊምል ነው። ቢምል፣ ቅዳሜ ፍታቱ ይደርሳል፣ ታለቅሳለች፣ ይወጣላታል። ይህን ያህል ቅርብ ነበር። አፏን መዝጋት ብቻ ነው የሚጠበቅባት።

ምስጋናው እጁን ወደ መስቀሉ ዘረጋ። "እኔ ምስጋናው..."

"ተው!" አለች።

ሰው ሁሉ ዞረ።

"አይማልም አባ። አላየም። ቀይ ነገር ነው ያየው፤ ምን እንደሆነ አያውቅም፣ በመንገድ ነግሮኛል። ለእኔ ብሎ ነው።" የምስጋናውን እጅ ከመስቀሉ መለሰችው። "አንዱ ልጄ ገደል ከገባ ገባ። ሁለተኛውን በእጄ አልገፋም።"

አባ ወልደ ሐዋርያት መስቀላቸውን ቀስ ብለው ወደ ደረታቸው መለሱ። ምስጋናው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አልካደም።

"እንግዲያ ፍታት የለም" አሉ አባ። "ስሙ ከሕያዋን ጋር ይጠራል፣ እስካሁን እንደ ተጠራው።"

ሰው ጥቂት ጥቂት እያለ ተበተነ። ባንቺ ቆማ ቀረች።

"እኔስ እማማ?" አለች።

ጥሩሐረግ ወደ እሷ ራመድ አለች።

"አንድ ቃል ነበር የቀረው" አለች ባንቺ። "እርስዎ እናት ነዎት፤ ቢሞትም ቢኖርም እናቱ ነዎት። እኔ ምንድን ነኝ? ሚስት ነኝ? ምስሉን ድንጋዩ ላይ ሆነው ጣሉብኝ፣ መሐላውን ደግሞ እዚህ ነሱኝ። በአንድ ቀን።"

"እውነትሽን ነው ልጄ።"

"እውነቴን መሆኑ ምን ያደርግልኛል?"

ጥቁሩን ነጠላ መልሳ ጠቀለለችው፤ ብብቷ ሥር አድርጋ የኒሯቅን መንገድ ያዘች። ደህና ሁኑ አላለችም። ጥሩሐረግም ትከሻዋ ከቁልቁለቱ በታች እስኪጠፋ ቆማ አየቻት። እስከ ዛሬ አልተመለሰችም፤ ሌላ አገባች የሚልም ወሬ የለም።

ድሮኑ አልተተካም፤ ምሕረትም ሌላ አልላከችም፣ ዋሴም ሌላ ጠዋት አልሰጠም። ላፕቶፑ ምስጋናው ሱቅ ውስጥ አለ። ጥሩሐረግ ለገበያ ሰቆጣ በወጣች ቁጥር ጎራ ትላለች፤ ልጇም ሳትጠይቀው ይከፍትላታል። ካርታው ላይ ያ ነገር የቀረበት ቦታ በትንሽ ምልክት ይታያል። እሷ ማንበብ ባትችልም ምልክቱን ለይታ ታውቀዋለች፤ በጣቷ ነካ ታደርገውና ጣቷን ትስማለች። ላፕቶፑ ውስጥ ያለችው ሴትዮም ያንኑ "ግንኙነት ተቋረጠ" ትላለች።

"ዛሬም ያው ናት?"

"ያው ናት እማ። ዕቃው ከሌለ ሌላ የምትለው የላትም።"

"እንግዲያ ዝጋት፣ አትድከም።"

ስግደቱን አልተወችም፤ እንዴት ትተወዋለች? ግን ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያውን ስትሰግድ ደህና ናት፣ ሁለተኛውንም ደህና ናት። ሦስተኛው ላይ ግንባሯ መሬት ሲነካ "እማ! አንቴናውን!" የሚለውን ትሰማለች። ጎንበስ እንዳለች ትቆያለች። ከዚያ በደረሰ ሽመል ተደግፋ ትነሣለች፤ የፕላስተሩ ሙጫ አልለቀቀም፣ መዳፏን ይይዛታል።